አውሮፕላን በኮንትራት፦ ከዋሽንግተን አትላንታ ለስምንት ሰው የትኛው ያዋጣል?

አዲስ አበባ ኮንትራት ታክሲ ይዞ የሚያውቅ ሰው የቻርተር፣ ማለትም በኮንትራት የሚያዝ አውሮፕላንን ሒሳብ ግማሹን ያውቀዋል። ሹፌሩን ከከተማ ወጣ ወዳለ ቦታ ውሰደኝ ስትለው ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው «ስመለስ እኮ ባዶዬን ነው» ብሎ ነው። የግል አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። ብዙ ሰው ደውሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጄት ስንት ነው?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «አውሮፕላኑ የሚያድረው የት ነው?» የሚለው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በለቅሶ ነው። የአክስቴ ባል አትላንታ አረፉ። መርዶው የደረሰን ሐሙስ ማታ፣ ቀብሩ ቅዳሜ። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የምንሄደው ስምንት ነበርን። ሁለቱ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ናቸው። እናቴ ደግሞ ከዊልቸር አትወርድም። አንድ በረራ ላይ ስምንት ወንበር አጣን። ሦስቱ በዚህ፣ ሁለቱ በዚያ፣ የቀረነው ሻርሎት ወርደን አውሮፕላን ቀይረን። ሽማግሌዎቹን ለያይተን መላክ አልሆነልንም። የአጎቴ ልጅ «አውሮፕላን ኮንትራት ብንይዝስ?» ሲል ሁላችንም ዝም አልን። ቀጥሎ ስልክ መደወል ጀመርን።

በስልክ የተነገረን ዋጋ 9,500 ዶላር ነበር። ውሉ በኢሜይል ሲመጣ 14,000 አልፏል። አውሮፕላኑ የሚያድረው ሌላ ስቴት ነው፤ እኛ ጋ መምጫውም ወደ ቤቱ መመለሻውም በእኛ ላይ ተጽፏል። የአብራሪዎቹ ማደሪያ አለ። ታክስ አለ። እኛም አልጠየቅን፣ ደላላውም አልነገረን። በዚያ ሐዘን ላይ ይህ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ሌላው ሰው በዚያ መንገድ እንዳያልፍ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት መደበኛውን በረራ ተመልከቱ

እውነቱን ለመናገር፣ በዋጋ ከመደበኛ በረራ የሚስተካከል የግል አውሮፕላን የለም። ከዋሽንግተን አትላንታ ቀጥታ በረራ በየቀኑ በብዛት አለ። ቀደም ብሎ ለገዛ ሰው የደርሶ መልስ ቲኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ትልልቆቹ አየር መንገዶች የቡድን ቲኬት የሚሸጥ ክፍል አላቸው። ጉዳዩ ሠርግ ከሆነ፣ ቀኑም ከወራት በፊት ከታወቀ፣ የሚጓዘውም ሁሉ ጤነኛ ከሆነ በመደበኛው ሂዱ። የተረፈውን ለሙሽሮቹ ስጧቸው።

ኮንትራት ትርጉም የሚኖረው በሌላ ሁኔታ ነው። ጉዞው ድንገተኛ ሲሆን። በተርሚናል ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር የማይራመዱ አዛውንቶች ሲኖሩ። በዚያው ቀን ሄዶ መመለስ ግድ ሲሆን። ወይም የምትሄዱበት ከተማ ቀጥታ በረራ ሳይኖረው። ከእነዚህ ሁለቱ ከተገጣጠሙ ስልክ አንስቶ መጠየቅ አያስነውርም።

ፕሮፔለሩን አትናቁ

ቻርተር ሲባል የሰው ሁሉ ሐሳብ ጄት ላይ ነው። ለአጭር መንገድ ግን እኔ የምመክረው ከፕሮፔለር እንድትጀምሩ ነው። ሁለቱ በብዛት የሚገኙት ፒላተስ ፒሲ-12 እና ኪንግ ኤር 350 ናቸው።

ፒሲ-12 የስዊዘርላንድ ሥራ ነው። ባለ አንድ ሞተር ነው። በቻርተር ከስድስት እስከ ስምንት ሰው በደህና ይይዛል። ፍጥነቱ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ዓይነት ጉዞ ትልቁ ነገሩ ከኋላ ያለው የዕቃ በር ነው፤ 1.35 ሜትር በ1.32 ሜትር ይሆናል። ዊልቸር ሳይታጠፍ ይገባበታል። ሻንጣ፣ ድስት፣ የአበባ ጉንጉን ሁሉ ይገባል። አብዛኞቹ ትንንሽ ጄቶች ይህ በር የላቸውም።

«አንድ ሞተር» የሚለው የሚያስፈራው ሰው አለ። አልፈርድበትም። የእኛም አክስት ፈርታ ነበር። ሞተሩ ግን ፒቲ6 የሚባለው ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ሲሠራ የኖረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በየክፍለ ሀገሩ የሣርና የጠጠር ሜዳ ያሳርፋቸው የነበሩት ትዊን ኦተሮችም የሚበሩት በዚሁ ሞተር ቤተሰብ ነው። ይህን ስነግራት ትንሽ ቀለል አላት። ካልቀለላችሁ ኪንግ ኤር 350 አለ። ሁለት ሞተር ነው፤ ስምንት ሰው ይይዛል፤ ፈጠንም ይላል። በሰዓቱ የሚከፈለው ግን ከፒሲ-12 ከፍ ይላል።

ሁለቱም ላይ አብዛኛውን ጊዜ መጸዳጃ አለ። ሁለቱም ላይ ግን ቆሞ መሄድ የለም፤ የጣሪያቸው ከፍታ ከ1.5 ሜትር በታች ነው። ጎንበስ ብሎ መግባት ነው።

ትንሿ ጄትና ማስታወቂያዋ

ኢንተርኔት ላይ «ርካሽ ጄት» ተብሎ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የትንሿ ጄት ዋጋ ነው። ፌኖም 100፣ ሳይቴሽን ሙስታንግ፣ ሆንዳጄት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቆንጆ አውሮፕላኖች ናቸው። ነገር ግን ለአራት ሰው የተሠሩ ናቸው። አምስተኛ ሰው ቢገባም ሻንጣና ነዳጅ መቀነስ ይመጣል። ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሰውም፣ ሻንጣም፣ ነዳጅም ከአንድ ሚዛን ነው የሚቀነሱት። ወንበር አለ ማለት መሸከም ይችላል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ለስምንት ሰው ሁለት ትንንሽ ጄት መያዝ ሊኖርባችሁ ነው። ያኔ ርካሽነቱ ጠፋ። ለባልና ሚስት ከሁለት ልጅ ጋር ከሆነ ግን ጥሩ ምርጫ ናት። መጸዳጃዋን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ላይ በመጋረጃ ብቻ የሚከለል ነገር ነው። ከአማት ጋር ለሚጓዝ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ፌኖም 300 እና ጓደኞቹ

ስምንት ሆናችሁ ጄት ካላችሁ የሚቀርብላችሁ ፌኖም 300 ወይም ሳይቴሽን ሲጄ3 ነው። ስድስት ሰባት ሰው በምቾት፣ ስምንት ጠበቅ ብሎ። ፌኖም 300 በሰዓት ከ830 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል፤ መጸዳጃው ከኋላ በር ያለው ነው። መንገዱ ረዥም ከሆነ፣ ለምሳሌ ከዋሽንግተን ዴንቨር ከሆነ፣ ከዚህ በታች አትውረዱ። ትንሿ ጄት ሰው ከሞላች መሀል ላይ ነዳጅ ልትቀዳ ትወርዳለች። በፕሮፔለርማ አምስት ሰዓት ያልፋል።

ከዚህ ከፍ ሲል እንደ ሳይቴሽን ኤክስኤልኤስ ያሉት አሉ። ጣሪያቸው 1.73 ሜትር ስለሆነ ብዙ ሰው ቆሞ ይሄድባቸዋል። ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው ካላችሁ ብቻ ዋጋቸውን ጠይቁ። ለአትላንታ መንገድ ከዚያ ውጪ አያስፈልጉም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው

ከቨርጂኒያው ማናሳስ ኤርፖርት እስከ አትላንታው ዴካልብ-ፒችትሪ ኤርፖርት በአየር 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፒሲ-12 ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ፌኖም 300 አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ። ልዩነቱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው።

አሁን ለስሌት ያህል ፒሲ-12ን በሰዓት 2,600፣ ፌኖም 100ን 3,200፣ ፌኖም 300ን 4,500 ዶላር እንበለው። እናንተ የምታገኙት ከዚህ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል፤ ልብ በሉ የምለው አካሄዱን ነው። ሠርግ ነው እንበል። ቅዳሜ ሄዳችሁ እሑድ ትመለሳላችሁ። ለአብራሪዎች ማደሪያ 600፣ ለማረፊያና ለኤርፖርት አገልግሎት 500 ያዙ። በላዩ 7.5 በመቶ የፌዴራል ታክስ አለ፤ ለቀላልነት በጠቅላላው ላይ እናስላው።

ፒሲ-12፦ አራት ሰዓት በረራ 10,400። ወጪዎቹን ጨምሩ፣ 11,500። ከነታክሱ 12,360 ገደማ። ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ሰው 1,545።

ፌኖም 300 በአየር ላይ የሚቆየው በድምሩ ከሦስት ሰዓት በታች ነው። ታዲያ ብዙ ድርጅቶች በቀን ቢያንስ የሁለት ሰዓት ያስከፍላሉ። ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ ሁለት፣ አራት ሰዓት ሆነ። 18,000። ከነወጪውና ከነታክሱ 20,530። ለአንድ ሰው 2,566። ያልበረራችሁትን ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈላችሁ ማለት ነው። የጄቱ ፍጥነት በገንዘብ አልተመለሰላችሁም።

ፌኖም 100 በዚሁ ስሌት 14,940 ይመጣል። ለአምስት ሰው ሲካፈል ለአንዱ 2,990 ገደማ ነው። ሦስታችሁ ደግሞ ገና መሬት ላይ ናችሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ያው ፒሲ-12 ማናሳስ የማያድር፣ ከአንድ ሰዓት መንገድ የሚመጣ ቢሆንስ? መምጫ አንድ ሰዓት፣ ወደ ቤቱ መመለሻ አንድ ሰዓት። ስድስት ሰዓት ሆነ። ከነሁሉ ነገሩ 17,950። የአውሮፕላኑ ዓይነት ሳይቀየር ከ5,500 ዶላር በላይ ተጨመረ። ለዚህ ነው ሁለት ደላላ ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን በጣም የተራራቀ ዋጋ የሚሰጣችሁ። ማናሳስ፣ ደለስ ወይም ባልቲሞር አካባቢ የሚያድር ካለ ትንሽ አሮጌ ቢሆንም ይሻላል።

በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ለቅሶ ሄዳችሁ ማታውኑ የምትመለሱ ከሆነ በቀን ቢያንስ የሁለት ሰዓት የሚለው ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ፌኖም 300 የበረረው 2.8 ሰዓት ብቻ ይቆጠራል። ማደሪያም የለም። 14,080 ዶላር። ፒሲ-12 በዚያው ቀን 11,720። የ8,000 ዶላሩ ልዩነት ወደ 2,400 ወረደ። እንዲህ ሲሆን ጄት ለመያዝ የሚፈልግን ሰው ተው አልለውም። መሬት ላይ ለመጠበቂያ የሚያስከፍሉ ስላሉ ግን ያንን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ አሥራ አራት ሰዓቷ

በአንድ ቀን የሚመለስ ሁሉ ሊያውቃት የሚገባ ሕግ አለች። የቻርተር አብራሪዎች የሥራ ቀን በመደበኛው ከ14 ሰዓት አያልፍም። የሚቆጠረው እናንተ ከምትሳፈሩበት ሳይሆን እነሱ ሥራ ከገቡበት ነው።

በሐበሻ ሰዓት እንቁጠረው። ጠዋት 1 ሰዓት ትነሳላችሁ። አብራሪዎቹ 12 ሰዓት ላይ ገብተዋል። ስለዚህ ማታ 2 ሰዓት ሥራቸው ማለቅ አለበት። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መመለሻ ካላችሁ ከአትላንታ ከ12 ሰዓት በፊት ልትነሱ ነው። ፍትሐት፣ ቀብር፣ ከቀብር መልስ ድንኳን፣ ከዚያ «ትንሽ ቅመሱ» ይመጣል። የእኛን ለቅሶ የሚያውቅ ሰው 12 ሰዓት እንዴት ሳይታወቅ እንደሚደርስ ያውቃል። ዘግይታችሁ ብትመጡ አብራሪው እያዘነ እንቢ ይላችኋል፤ ልክም ነው። የደከመ አብራሪ ማንም እንዲያበርረው አይፈልግም። ከቤተሰቡ ቆፍጠን ያለ አንድ ሰው ሰዓት ጠባቂ አድርጉ። እኛ የአጎቴን ልጅ ነው ያደረግነው።

በርካሽ የሚመጣ አደጋ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። «አውሮፕላን ያለው ጓደኛ አለኝ፣ ነዳጁን ብቻ ስጡት» የሚል ሰው ይመጣል። አትሂዱ። የግል ፈቃድ ብቻ ያለው አብራሪ ሰው በክፍያ መጫን አይችልም። የራሱን ድርሻ ከፍሎ የነዳጅና የመሰል ወጪዎችን መካፈል ብቻ ነው የተፈቀደለት። አንድ ነገር ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል።

በአሜሪካ ሰውን በኮንትራት የሚያጓጉዝ ትንሽ አውሮፕላን በተለምዶ ፓርት 135 የሚባለው ፈቃድ ባለው ድርጅት ሥር መብረር አለበት። ፈቃዱን የሚሰጠው ኤፍኤኤ የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ አውሮፕላኑን የሚያበርረውን ድርጅት ስም፣ የፈቃድ ቁጥሩን፣ በኤን የሚጀምረውን የአውሮፕላኑን ቁጥር። ደላላ ከሆነም የድርጅቱን ስም የመንገር ግዴታ አለበት፤ በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ ነው። «እሱ በኋላ ይታወቃል» ካላችሁ ሌላ ደላላ ፈልጉ።

ሌላው ወጥመድ ውሉ ውስጥ ይደበቃል። «አውሮፕላኑን የተከራየሁት እኔ ነኝ፣ የበረራውም ኃላፊ እኔ ነኝ» የሚል ወረቀት ካቀረቡላችሁ እንዳትፈርሙ። ኃላፊነቱን ከእነሱ አንሥተው እናንተ ላይ እየጫኑ ነው። ከፈቃዱ በላይ አርገስ እና ዋይቨርን የሚባሉ የግል መርማሪዎች የሚሰጡት ደረጃ አለ። የአርገስ ጎልድ፣ ጎልድ ፕላስና ፕላቲነም ይባላል፤ የዋይቨርን ዊንግማን ነው። ካለ ጥሩ ነው። ሁለት አብራሪ መኖሩንም አረጋግጡ። ፒሲ-12ን አንድ ሰው ብቻውን ማብረር ይፈቀድለታል፤ እኔ ግን ቤተሰቤን የማሳፍረው ሁለት ካሉ ብቻ ነው።

ገንዘቡን በዘመድ መሀል ማዋጣት ምንም ችግር የለውም። አውሮፕላን ይዞ ወንበሩን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ለማንም መሸጥ ግን ሌላ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። አስተባባሪዎች ይህን ልብ በሉ።

ባዶ መመለሻውን መግዛትስ?

ያ ባዶ መመለሻ ለሌላ ሰው በጣም ቀንሶ ይሸጣል። እውነተኛ ርካሽ የሚባለው እሱ ነው። ችግሩ የሌላ ሰው ጉዞ ጭራ መሆኑ ነው፤ ያኛው ሰው ቀኑን ከቀየረ የእናንተም ይሰረዛል። ለመዝናናት ለሚሄዱ ጓደኛሞች ይሁን። ለቀብርና ለሠርግ አይሆንም። አስቀድሞ ብዙ ገንዘብ አስገብቶ ሰዓት የሚገዛበት ጄት ካርድም በዓመት አንዴ ለሚሄድ ቤተሰብ አይደለም።

ስልክ ስትደውሉ

ለሦስት ቦታ ደውሉ። የሁሉንም ሰው ክብደት ይጠይቋችኋል፤ እውነተኛውን ተናገሩ። እናቶቻችን በዚህ ያፍራሉ። የእኛዎቹን ለብቻ ለብቻ ጠርቼ ነው የጠየቅኳቸው፤ ለደህንነት መሆኑ ሲገባቸው ነገሩኝ። በርበሬና ቡና የያዘ ሻንጣም ይመዘናል፤ እሱንም ቁጠሩት።

«ሬገን ኤርፖርት ቅርባችን ነው» ብላችሁ እንዳትደክሙ። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ለግል በረራ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የታጠቀ ጠባቂ ሁሉ መሳፈር አለበት። ደለስ ወይም ማናሳስ ይሻላችኋል፤ ማናሳስ ብዙውን ጊዜ ክፍያው ይቀላል። አትላንታም ዋናው ኤርፖርት ከመውረድ ዴካልብ-ፒችትሪ ውረዱ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከበዙበት የክሌርሞንትና የቡፎርድ ሀይዌይ አካባቢ ብዙም አይርቅም።

ዋጋ ሲሰጧችሁ «ይህ የመጨረሻው ነው ወይ? መምጫና መመለሻ፣ ማደሪያ፣ ታክስ፣ ማረፊያ ተካቷል?» በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ክረምት ከሆነ ክንፉ ላይ የጋገረ በረዶ የማስለቀቂያ ዋጋ ይጨመራል፤ አንዳንዴ ሺህ ዶላር አልፎ ይሄዳል፤ ቀድሞ የሚያውቀው የለም። አውሮፕላኑ ቢበላሽ ሌላ ያመጡ እንደሆነ፣ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍልም ጠይቁ።

ዊልቸር ካለ ደግሞ ኤርፖርቱ ላይ የሚያሳፍራችሁን ድርጅት ለይታችሁ አናግሩት። ኤርፖርቱ ማንሻ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኛ የተሳፈርንበት አልነበረውም። የፒሲ-12 ደረጃ ጠባብ ነው። ረዳት አብራሪው ከላይ፣ እኔና የአጎቴ ልጅ ከታች ሆነን እናቴን በወንበር አቅፈን አወጣናት። ነጠላዋ በሩ ጫፍ ላይ ያዝ አደረጋት። ረዳት አብራሪው ቀስ ብሎ ፈታው፣ አጣጥፎ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት፣ ከዚያ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥናት። ዊልቸሩ በኋላው በር ሳይታጠፍ ገባ።